በወር ክፍያው ውስጥ ያለው ሙያ

መኪና በደንብ መሠራቱን ለማወቅ ሰው ሁሉ የየራሱ መመርመሪያ አለው። አንዱ በሩን ከፍቶ ይዘጋና ድምፁን ያዳምጣል። ሌላው ኮፈኑን አንኳኩቶ የላሜራውን ውፍረት ይገምታል። ጎማውን በእግሩ የሚመታም አይጠፋም። እኔ አስቀድሜ የማየው ወረቀቱን ነው። በአሜሪካ የመኪና ሊዝ ውል ላይ «ቀሪ ዋጋ» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ውሉ ሲያበቃ መኪናው ስንት ያወጣል ተብሎ እንደሚገመት ይናገራል። የነዳፊው፣ የበያጁ፣ የቀለም ቀቢው፣ ብሎን አጥብቆ የሚያልፈው ሠራተኛ ድካም ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ጥሩ የወር ክፍያ ሲገኝ ሻጩን የሚያመሰግን ብዙ ነው። እኔ ግን ምስጋናው ከሻጩ ይልቅ ለሠሪው ይገባል ባይ ነኝ፤ ይህንንም በአንድ መኪና ላይ ማሳየት እፈልጋለሁ።

መኪናው ሱባሩ አውትባክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2025 ሞዴል ድረስ በአሜሪካ የተሸጠው ትውልድ። አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ ስቴሽን ዋገን ነው። እኛ ፎር ዊል ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ላንድክሩዘር ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ ለመግባት ተንጠላጥለው የሚወጡበት። አውትባክ ቁመቱን በርዝመት ለውጦታል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጀርባው የተዘረጋ ሆኖ ሳለ፣ ሆዱ ግን ከመሬት 8.7 ኢንች፣ ማለትም 22 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ይህ ከፍታ ከብዙ ግዙፍ ፎር ዊሎች አያንስም። ሰው የሚቀመጥበት ግን የቤት መኪና ወንበር ባለበት ከፍታ አካባቢ ነው፤ እናት ጉልበቷን ሳትይዝ ገብታ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ ሒሳቡን ላስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው። ፋብሪካው መስታወቱ ላይ የለጠፈው ዋጋ 38,000 ዶላር ነው እንበል። ተከራክረን በ36,000 ተስማማን። ውሉ የ36 ወር ነው። ቀሪ ዋጋው ከተለጠፈው ዋጋ 60 በመቶ ከሆነ 22,800 ዶላር ይመጣል። ተከራዩ የሚከፍለው በ36,000 እና በ22,800 መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ 13,200 ዶላር። ለ36 ሲካፈል በወር 367 ዶላር ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ የገንዘቡ ኪራይ ይታከላል። ዲለሮች «መኒ ፋክተር» የሚሉት ቁጥር 0.0015 ቢሆን፣ የስምምነቱ ዋጋና ቀሪው ዋጋ ተደምረው በእርሱ ይባዛሉ፤ 88 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይወጣል። በድምሩ ከግብር በፊት ወደ 455 ዶላር ነው።

አሁን ሌላ መኪና እናምጣ። የተለጠፈውም ዋጋ፣ የስምምነቱም ዋጋ፣ መኒ ፋክተሩም ያው ነው። ገበያው ግን ይህኛው ከሦስት ዓመት በኋላ 50 በመቶ ብቻ ያወጣል ብሎታል። ቀሪ ዋጋው 19,000 ይሆናል፤ የወር ክፍያው ወደ 555 ዶላር ይወጣል። በወር 100 ዶላር፣ በውሉ ዘመን ወደ 3,600 ዶላር ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱም ተከራዮች ጎበዝ ተከራካሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም 2,000 ዶላር አስቀንሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው ተከራካሪው አይደለም።

እርግጥ አምራቹ መኪናው አልሸጥ ሲለው ቀሪ ዋጋውን ሆን ብሎ ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ፤ ወይም መኒ ፋክተሩን ይቀንሳል። ያም ቢሆን ለተከራዩ ጥቅም ነውና አይጠላም። አምራቹ ከኪሱ የሚደጉመው ግን ለአንድ ወቅት ነው። ከዓመት ዓመት ዋጋውን ይዞ የሚቆይ መኪና ያንን ከድጎማ አያገኘውም።

ስለ ማስታወቂያው አንድ ነገር ልበል። በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው ዝቅተኛ ክፍያ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሲፈረም የሚከፈል ብዙ ሺህ ዶላር ተቀምጦ ይገኛል። ያንን ለ36 አካፍሎ በወር ክፍያው ላይ መደመር ነው። በዚያ ላይ መኪናው በመጀመሪያው ወር ቢሰረቅ ወይም ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ ቢሆን፣ ያ ቅድሚያ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ በሊዝ ላይ ብዙ ቅድሚያ ከመክፈል የወሩን ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የሸማቾች ሊዝ ሕግና ደንቡ አከራዩ የመኪናውን መነሻ ዋጋ፣ ቀሪ ዋጋውንና ጠቅላላ የኪራይ ክፍያውን ጽፎ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። መኒ ፋክተሩን ግን እንዲያሳይ አያስገድዱትም፤ ጠይቆ ማወቅ የተከራዩ ፈንታ ነው። የተነገረው ቁጥር በ2,400 ሲባዛ ወለዱን በመቶኛ ይሰጣል፤ የእኛው 0.0015 የ3.6 በመቶ ወለድ ነው።

ወደ መኪናው እንግባ።

የዚህ መኪና ዘር የተጀመረው በበረዶ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ሠራተኞች መስመር ለመጠበቅ በበረዶ ወራት ተራራ ለተራራ ይጓዙ ነበር። ጂፕ ነበራቸው፤ ጂፕ ግን ብርድ ያስገባል፣ ይጎረብጣል። የፈለጉት እንደ ቤት መኪና የሚሞቅ፣ እንደ ጂፕ የሚወጣ ነገር ነው። በሚያጊ የሚገኝ የሱባሩ ሻጭ መካኒኮች አንድ የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ ስቴሽን ዋገን ወሰዱ፤ የኋላ ዲፈረንሻል ከኒሳን ብሉበርድ አምጥተው ፊቱንና ኋላውን በዘንግ አገናኙት። ፋብሪካው ሐሳቡን ተቀብሎ አሻሻለውና እ.ኤ.አ. በ1972 ሊዮኔ ፎር ዊል ድራይቭ ተብሎ ለገበያ ወጣ። በጋራዥ እጅ የተጀመረ ሥራ መሆኑ ደስ ይለኛል። የመኪናው ባሕርይ እስከ ዛሬ የመካኒክ አስተሳሰብ አለበት።

መካኒኮቹ ያን ያህል ቶሎ የተሳካላቸው፣ ከእነርሱ በፊት ሌሎች ያስቀመጡት መሠረት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሱባሩ 1000 ሞተሩ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ፣ ልክ መሐል መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ኋላ በዚያው መስመር ይቀጥላል። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ ለመላክ ከካምቢዮው ጀርባ ቀጥ ያለ ዘንግ መዘርጋት ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪኖች እንዲህ አይደሉም። ሞተራቸው በወርድ የተጋደመ ስለሆነ ኃይሉ ወደ ኋላ ለመሄድ በተጨማሪ ጥርሶች ወደ ጎን ተጠምዝዞ ማለፍ አለበት። ይሠራሉ፤ በደንብም ይሠራሉ። ግን አራት ጎማ መንዳት ለእነርሱ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው። አውትባክ ላይ ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ፣ አዲስ አበባ ጀምረው ቨርጂኒያ የቀጠሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አውቃለሁ። አውትባክ ሊፍት ላይ ሲወጣ ከሥሩ ይቆሙና ጣታቸውን ከሞተሩ እስከ ኋላ ዲፈረንሻል በአየር ላይ ያሰምሩታል።

«እየው ልጄ፣ የትም አይታጠፍም» ይላሉ።

«ይሄ ለነጂው ምን ያደርግለታል፣ ጋሼ?»

«ለነጂው? ክብደቱ ግራና ቀኝ እኩል ነው። ከፊት ጎማዎቹ ዘንግ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር አይደለም። መሪው ወደ አንድ ወገን አይጎትትህም። ለእኔ ደግሞ፣ ለሠሪው፣ እጄ የሚገባበት ቦታ አለ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ሞተሩ ራሱ የጠፍጣፋ ዓይነት ነው፤ አራቱ ፒስተኖች ሁለት በግራ ሁለት በቀኝ ተጋድመው አንዱ ወደ ውጭ ሲሄድ ከፊቱ ያለውም ወደ ውጭ ይሄዳል፣ አብረው ይመለሳሉ። የአንዱን መንቀጥቀጥ የሌላው ይሽረዋል። ሞተሩ ስለተጋደመ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፤ 22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ብዙ ሳያዘነብል የሚሄደው አንድም በዚህ ነው። 2.5 ሊትሩ ሞተር 182 የፈረስ ጉልበት አለው። ለዚህ ክብደት ይበቃል፤ አያስደንቅም። በፍጥነት ለመቅደም የሚገዛ ሰው ተርቦ ያለውን ያስብ። እኔ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፦ የዘይት ፊልትሮው የት እንዳለ። ኮፈኑ ሲከፈት ከላይ፣ ከፊት፣ ዓይን የሚያየው ቦታ ላይ ቆሟል። በዙሪያው ደግሞ ሲፈታ የሚንጠባጠበውን ዘይት የሚይዝ ትንሽ ገበታ አለ። በብዙ መኪኖች ፊልትሮው ከሥር ተደብቆ፣ ዘይቱ በእጅ ላይ እየወረደ፣ የጋለ ማርሚታ እየተነካ ነው የሚፈታው። ገዢው ይህንን አይቶ አይገዛም፤ ሻጩም አያነሣውም። የነደፈው ሰው ግን ፈጽሞ ለማያገኘው ሌላ ሠራተኛ አስቦለታል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ነው ዘይት በወቅቱ እንዲቀየር፣ ሞተሩም ዕድሜ እንዲያገኝ የሚያደርገው። እዚያ የተጀመረው ነገር እያደር ቀሪ ዋጋ ይሆናል።

ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው እንሂድ። ፖርቶ መጋላ ሁልጊዜ የሚያስቸግር ነገር አለው። ተሻጋሪዎቹ ብረቶች ካሉ ነፋስ ያፏጫል፣ ነዳጅም ይበላል። ከሌሉ ደግሞ ዕቃ መጫን ሲያስፈልግ ከምድር ቤት ፍለጋ ይጀመራል። በብዙዎቹ የአውትባክ ደረጃዎች ተሻጋሪዎቹ ብረቶች በጎንና በጎን በተዘረጉት ሐዲዶች ውስጥ ተኝተዋል። ሲያስፈልጉ አንድ ጫፋቸው ይፈታል፣ በሌላው ጫፍ ላይ ዞረው ወርዱን ይሻገራሉ፣ ማዶ ያለው ቦታቸው ላይ ይቆለፋሉ። የሚጠፋ ብሎን የለም፣ የሚረሳ ቁልፍ የለም። ለማሠር ሲወጡም የኋላው በር ሲከፈት የሚገኘው ደፍ ሰፊ ስለሆነ እግር ያስቆማል። አንድ ሰው ይህን መኪና ከመሳሉ በፊት ሰው ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጭን ቆሞ እንዳየ ያስታውቃል።

የጎን ስፖኪዮዎቹ የተተከሉት ብዙ መኪኖች ላይ እንደሚደረገው በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ሳይሆን ወረድ ብሎ በበሩ ላሜራ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ጎን መስታወት ተርፏል። ወደ ግራ ለመታጠፍ የምትጠብቅ ነጂ በዚያች መስታወት በኩል እግረኛውን ታየዋለች። ከፊት መስታወቱ ጀርባ፣ በውስጠኛው ስፖኪዮ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ካሜራዎች ተቀምጠዋል፤ ከፊት ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለኩት ሁለቱ የሚያዩትን በማነጻጸር ነው። ነጂው ሳያይ ቢቀር መኪናው ራሱ ፍሬን ይይዛል። እዚህ ላይ ተከራይ የሚሆን ሰው ልብ ይበል፦ የፊት መስታወቱ ተሰንጥቆ ሲቀየር ካሜራዎቹ እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ ኢንሹራንሱ ያንን ይሸፍን እንደሆነ ሳይፈርም ይጠይቅ።

ከጎን ቆሞ አካሉን ማየት ጥሩ ነው። ከፊት ፓራፋንጎው የሚነሣው መስመር ሁለቱን በሮች አልፎ የኋላው መብራት ድረስ ይሄዳል። በየበሩ ክፍተት ላይ ይቋረጣል፤ ማዶ ሲቀጥል ግን ሸማኔ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያደርሰው ሳይዛነፍ ነው። አራት የተለያዩ ላሜራዎች በተለያየ መጫኛ ተመትተው፣ በተለያየ እጅ ተሰቅለው እዚያ መስመር ላይ መገናኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ የተሸጠው ይህ ትውልድ የተገጣጠመው በኢንዲያና፣ ላፋየት በሚገኘው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ወደ ቆሻሻ መጣያ መሬት ምንም ሳይልክ ትርፍራፊውን በአብዛኛው መልሶ መጠቀም ችሏል። ትርፍራፊውን እስከዚህ የሚቆጥር ፋብሪካ የበሩን ክፍተት በግምት እንደማይተው አምናለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን የኋላውን ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ከዳለስ አየር ማረፊያ ሲነሣ ምን እንደሚመስል የምናውቀው ነው። በሰው ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ ድረስ ተጠቅጥቆ፣ ቤት ውስጥ በሚዛን ተለክቶ፣ ተከፍቶ፣ አንድ ጫማ ወጥቶለት እንደገና ተዘግቶ። ያንን ሻንጣ ከፍ ባለ ፎር ዊል ላይ ለመጫን እስከ ደረት ማንሣት ይጠይቃል። አውትባክ ላይ የመጫኛው ደፍ ዝቅ ያለ ነው፣ ወለሉም ከደፉ ጋር ተካክሏል። ሻንጣው ጫፉ ካረፈ በኋላ ይገፋል እንጂ አይነሣም። ቦታው ከኋላ ወንበሮች ጀርባ 32.5 ኪዩቢክ ጫማ ያህል፣ ወደ 920 ሊትር ነው፤ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ከ75 ኪዩቢክ ጫማ ያልፋል። ለማጠፍም ወደ በሮቹ መዞር አያስፈልግም፤ ከኋላ እንደ ቆሙ ግድግዳው ላይ ያለውን መያዣ መሳብ ነው። ዕቃውን ከዓይን የሚከልለው ተጠቅላይ መጋረጃ ሲወልቅ ደግሞ ወለሉ ሥር የተዘጋጀለት ቦታ አለ። መጋረጃውን አውልቆ የት ላድርገው ብሎ ያልተጨነቀ የስቴሽን ዋገን ባለቤት የለም፤ እዚህ መልስ ተሰጥቶታል።

የማልቀበለው ነገርም አለ። ከዝቅተኛው ደረጃ በላይ ባሉት ላይ ዳሽቦርዱ መሐል 11.6 ኢንች ስክሪን ቆሟል፤ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው በአብዛኛው የሚታዘዘው በእርሱ ነው። የዘይት ፊልትሮውን እጅ የሚደርስበት ቦታ ያስቀመጠ ኩባንያ፣ በጓንት እጅ የሚዞር ቁልፍን አንሥቶ ዓይን የሚፈልግ መስታወት መተካቱ የራሱን አስተሳሰብ መቃረን ነው። በበረዶ ቀን ነጂ ዓይኑን ከመንገድ ማንሣት የለበትም። በ2026 ሞዴል ላይ ቁልፎቹ መመለሳቸው ስህተቱ መታወቁን ያሳያል።

መኪናውን ሳይፈርሙ መሞከር ለሚፈልግ፣ የዲለሩን ሰፈር አንድ ዙር መዞር ብዙ አይነግረውም። እኔ የምመርጠው በቨርጂኒያ በሸናንዶዋ ፓርክ የተራራውን ጫፍ ይዞ የሚሄደውን ስካይላይን ድራይቭ ነው፤ ርዝመቱ 105 ማይል፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል። በዚያ ፍጥነት ሞተር ጉራ መንዛት አይችልም። የሚሰማው የመሪው ልስላሴ፣ የሞላው አቀባበል፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። ስለ በረዶ ደግሞ አንድ እውነት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። አራቱ ጎማ መነሻ እንጂ መቆሚያ አይሆንም። ዳገት ያወጣል፤ ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው የጎማው ጥርስ ነው። ጎማዎቹም በዙሪያ ልካቸው መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ተበስቶ የማይጠገን ሲሆን፣ ሦስቱ ብዙ ያለቁ ከሆኑ፣ አራቱንም መቀየር ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሥርዓት ያልተመጣጠነ ጎማን አይታገሥምና። ተከራዩ ይህን ወጪ ቀድሞ ያስብበት።

የሊዙ ራሱ አሠራርም በዚህ መኪና ላይ ልክ ሆኖ ይገጥማል። አጠቃላዩ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። በዓመት 12,000 ማይል ተፈቅዶ ለ36 ወር የሚፈረም ውል ከዋስትናው ጋር በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው፣ ለምሳሌ ታክሲ ወይም ዕቃ ማድረስ የሚሠራበት፣ ሊዝ አይሆነውም፤ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ይጠየቃል፣ ለሥራ መጠቀምንም ብዙ ውሎች ይከለክላሉ። መመለሻው ሲደርስ የሚመጣው መርማሪ ጭረቱን ይለካል፣ የጎማውን ጥርስ ጥልቀት ያያል፣ ወንበሩን ይዳስሳል። ከባንክ ካርድ የሚያንስ ጭረትን ብዙዎች ያልፋሉ። በደንብ የተቀባና በደንብ የተሰፋ መኪና እዚህም ለተከራዩ ይከራከርለታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ ይቀራል፦ ቁልፉን መልሶ መሄድ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈውን ቀሪ ዋጋ ከፍሎ ማስቀረት። በምሳሌያችን 22,800 ዶላር ነበር። ያን ቀን ገበያው ከዚያ በላይ እያወጣው ከሆነ፣ ገማቹ ሙያውን አሳንሶ ገምቶታል ማለት ነው፤ ትርፉ የተከራዩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ኪሳራው የአከራዩ ነው፣ መልሶ መሄድ ነው። እኔ ብሆን ግን እኩል ቢሆንም አስቀረዋለሁ። የ2026 አውትባክ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሣጥን የመሰለ ከፍ ያለ መኪና ሆኗል፤ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው የስቴሽን ዋገን ቅርጽ ከዚህ ስም ላይ ወርዷል። በአሜሪካ ገበያ እንደ ቮልቮና አውዲ ያሉትም ይህን ቅርጽ ሸጠዋል፣ ዋጋቸው ግን በብዙ ይርቅ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የተነዳው 36,000 ማይል፣ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት፣ ለዚህ ሞተር ገና ወጣትነቱ ነው።